የፎቶው ጀርባ

ሰርግ ላይ እንግዶችን እዚያው አንስቼ፣ እዚያው አትሜ የምሰጥ ፎቶ አንሺ ነኝ። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት እንግዳ ፎቷቸውን ሳቀብላቸው አየት አደረጉትና መልሰው ዘረጉልኝ። «ተባረኪ ልጄ፣ ቆንጆ ነው። ለሙሽሮቹ ስጪልኝ» አሉ። ወረቀቱ ገና ከማተሚያው መውጣቱ ስለነበር ለብ ይላል። «የእርስዎ ነው እማማ፤ ይዘውት እንዲሄዱ ነው» ስላቸው እንደገና ተቀበሉኝና በሁለት እጃቸው ያዙት። ቀጥለው የእጅ ቦርሳቸውን መክፈት ጀመሩ። ሙሽሮቹ እንደከፈሉ፣ እንግዳ አንድም ነገር እንደማያወጣ ነገርኳቸው። ቦርሳውን ዘጉት፤ ከወንበሩ ግን አልተነሱም። ከፊታቸው ተራ የሚጠብቅ ሰው ተደርድሯል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ረዳቴ በዓይኑ «ቀጣይ» ይለኛል።

ሴትዮዋ ፎቶውን ገለበጡት። ጀርባው ነጭ ነው። በጣታቸው ዳበስ አደረጉትና «ምንም አልተጻፈበትም» አሉኝ።

ምን እንዲጻፍላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሩኝ። ከዚያ «የሙሽራው አያት እህት ብለሽ ጻፊ» አሉ። ከዚያ ቀኑን። ከዚያ ደግሞ ፎቶ ሲነሱ ሮጣ መጥታ ጎናቸው የተለጠፈችውን ትንሽ ልጅ እያመለከቱ «እሷንም ጻፊያት፤ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቂና ጻፊ» አሉኝ። እስክሪብቶዬ ፕላስቲክ በመሰለው ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ እምቢ ሲል ረዳቴ ዕቃችን ላይ ምልክት የምናደርግበትን ማርከር አቀበለኝ። ጽፌ ስጨርስ «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። የልጅቷ አባት ስም ላይ ስደርስ ደግመው አስነበቡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እርስዎንማ ማን የማያውቅዎት አለ እማማ» አልኳቸው፣ ለማጫወት ያህል።

«እኔማ ራሴን አውቃለሁ» አሉ። «እነዚህም ያውቁኛል። የማያውቀኝ ኋላ የሚያየው ነው።»

ተነስተው ሄዱ፤ ቀጣዩ ሰው ተቀመጠ። እኔ ግን የዚያን ምሽት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ስገለብጥ ያሉት ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፍኳቸው። በሁሉም ግርጌ ላይ በወርቃማ ፊደል፣ በአበባ ተከቦ፣ የሙሽሮቹ ስምና ቀኑ ታትሟል። ከአበባው በላይ ግን ማንነቱ ያልተነገረ ፊት ነው ያለው። ስሙ የተጻፈው ሰው ፎቶው ውስጥ የለም፤ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ስሙ የለም። ይህን ነገር ስንት ሰርግ ላይ ሳየው እንደኖርኩ አስቡት፤ እሳቸው ወረቀቱን እስኪገለብጡት ድረስ ጎደሎነቱ አልታየኝም ነበር።

አሁን ለማየት መቸኮል

እዚያው አንስቶ እዚያው አትሞ የመስጠት ሥራ ታሪኩ ሁሉ ስለ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ኤድዊን ላንድ ከቤተሰቡ ጋር ለእረፍት ሄዶ ሳለ ትንሿ ልጁ ያነሳትን ፎቶ ለምን አሁኑኑ ማየት እንደማትችል ጠየቀችው። ሰውየው ጥያቄውን ይዞ ቀጠለና በ1947 ባለሙያዎች ፊት ፎቶ አንስቶ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቆ፣ ወረቀቱን ከላዩ ላይ ልጦ አሳየ። በ1948 መጨረሻ ካሜራው ቦስተን ውስጥ ለገበያ ወጣ። ፖላሮይድ የምንለው ሁሉ የዚያች ልጅ ጥያቄ መልስ ነው። ከእሱ በፊትም በ1925 አናቶል ጆሴፎ የሚባል ሰው ኒውዮርክ ላይ ሳንቲም ሲከቱበት ራሱ አንስቶ፣ ራሱ አጥቦ፣ ስምንት ፎቶ በተርታ የሚያወጣ ዳስ ከፍቶ ነበር። ሰው መንገዱን ሞልቶ ተሰለፈለት።

በየመንገዱ ዳር በእንጨት ሳጥን ካሜራ ይሠሩ የነበሩ ሰዎችንም አልረሳቸውም። ሳጥኑ ካሜራም ጨለማ ክፍልም ነው። ፎቶ አንሺው እጁን በጨርቅ እጅጌ አሳልፎ ወረቀቱን እውስጡ ያጥበዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነ ግልባጭ ነው፤ እሱን እንደገና ከፊት ለፊት ሰቅሎ ያነሳውና ትክክለኛው ምስል ይወጣል። ደንበኛው እርጥቡን ፎቶ ይዞ ይሄዳል።

ሁሉም «አሁን ልየው» ለሚለው ጥማት የተሠሩ ናቸው። እኔም ከዚሁ ጥማት ነው የምኖረው። እንግዳው ብልጭታውን አይቶ ብድግ ሲል ማተሚያው ላይ ያፈጣል፤ ወረቀቱ ሲወጣ ጓደኞቹን ይጠራል። ይህ ደስታ እውነተኛ ነው፤ አልንቀውም። እኒያ ሴትዮ የጠየቁኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አሁን ማየቱ አላስቸኮላቸውም፤ ፊታቸውን አንዴ አይተው ረክተዋል። ያሳሰባቸው አዳራሹ ውስጥ የሌለው፣ ምናልባትም ገና ያልተወለደው ሰው ነው። ፎቶውን ከሆነ መሳቢያ ውስጥ ሲያገኘው ማንን ብሎ ይጠይቅ?

ነገሩን ከዚህ ማዶ ካዩት በኋላ ብዙው የሥራዬ ልማድ እንደገና መታየት ነበረበት።

ኋላ ለሚያየው ማብራት

የመጀመሪያው ፊት ነው። ኋላ የሚያየው ሰው ከዚህ ወረቀት ሌላ ማስረጃ የለውምና ፊቱ በትክክል መውጣት አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሰርግ ላይ ግን ካሜራው በራሱ እንዲወስን ከተተወ ጥቁር ቆዳን ደጋግሞ ይበድላል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚለካው። ከእንግዳው አጠገብ ነጭ ቀሚስ ከቆመ፣ ወይም ከኋላ ነጭ መጋረጃ ከተዘረጋ፣ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልመዋል፤ የሚጠፋው የሰውየው ፊት ነው።

ችግሩ የአንድ ካሜራ ብቻ አይደለም፤ የቆየ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት የፊልም አምራቹ ኮዳክ በሚልከው፣ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። የመጀመሪያዋ ሞዴል ሸርሊ ስለምትባል ካርዱም «ሸርሊ» ተባለ። የእሷ ቆዳ አምሮ ከወጣ ማሽኑ ደህና ነው ይባላል፤ የሌላው ሰው እንደወጣ ይውጣ። የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች አንድ ላይ ያሉበት ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። አሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ላይ አያቶቻችን ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ ጎልቶ ሲታዩ ሰዎቹ እንደዚያ ስለነበሩ አይደለም።

ስለዚህ ልኩን በእጄ ነው የማስተካክለው። ፍላሹን ከካሜራው ላይ አውርጄ፣ ነጭ ጃንጥላ አልብሼ፣ ከእንግዳው ፊት ወደ ጎን ዞር አድርጌ፣ ከዓይኑ ትንሽ ከፍ አድርጌ አቆመዋለሁ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፣ ኤፍ 5.6 አካባቢ፣ አንድ ቤተሰብ ተደራርቦ ሲቆም ደግሞ ወደ ኤፍ 8 እወስደዋለሁ። ከዚያ እንግዳ ሳይበዛ ረዳቴን አስቀምጬ አነሳውና አሳትመዋለሁ። ስክሪን ላይ አይቶ መተማመን አይበቃም። ስክሪን ከውስጡ ስለሚበራ ሁሉን ያደምቃል፤ ወረቀት ግን የተሰጠውን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። ስክሪኑ ላይ ልክ የመሰለ ፊት ወረቀት ላይ ጨለም ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛው ከኋላ ያለው ነገር ነው። ብዙዎቻችን የአበባ ግድግዳ ወይም የሚያብረቀርቅ ጨርቅ እንዘረጋለን። ቆንጆ ነው፤ ግን የትኛውም ሰርግ ላይ ያለ ግድግዳ ነው። አሁን ጨርቁን ትንሽ ወደ አንድ ጎን አዛውረዋለሁና የአዳራሹ ጥግ እንዲታይ እተዋለሁ። የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት ከ1/160 ወደ 1/60 ሰከንድ ዝቅ ሳደርገው የአዳራሹ መብራት ቀስ ብሎ ይገባል፤ ፊቱን ግን ፍላሹ ይዞታል። ወንበሮቹ፣ የተሰቀለው መብራት፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚያወራ ሰው ይታያል። ኋላ የሚያየው ሰው እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች እንደሚፈልጋቸው የራሴን ቤተሰብ አሮጌ ፎቶዎች ሳይ ነው የማውቀው፤ ዓይኔ ከፊቱ በኋላ የሚሄደው ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ጫማው፣ ወደ መስኮቱ ነው።

በዱላ ላይ ስለተለጠፉ የወረቀት ጢሞችና ትልልቅ መነጽሮች ያለኝን አቋም ልናገር። የሚፈልጋቸው ይያዛቸው፤ ልጆች ይወዷቸዋል። መጀመሪያ ግን አንድ ፊት ያልተሸፈነበት ፎቶ አነሳለሁ። በተለይ ትልልቅ ሰዎች ሲቀመጡ ረዳቴ ያን ቅርጫት እንዳያቀርብ ነግሬዋለሁ። ሰው በዕድሜው መጨረሻ በደንብ ለብሶ፣ ተዘጋጅቶ፣ ደስ ብሎት የሚነሳው ፎቶ ብዙ ጊዜ የሰርግ ፎቶ ነው።

ማሽኑ ሲሠራ

የማተሚያ ምርጫ ላይ ሰዎች ብዙ ይጨቃጨቃሉ። እኔ በቀለም የሚረጨውን ኢንክጄት ለዚህ ሥራ አልወደውም፤ ወረቀቱ በእጅ ብዛት ይበላሻል፣ ላብና ውሃ ይነካዋል። ፎቶውን ከራሱ ውስጥ ወዲያው የሚያወጣው ካሜራ፣ ኢንስታክስ፣ ደስ ይላል፤ ግን የሚኒው ምስል 62 በ46 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሦስት ሰው ሲሆን ፊት ነጥብ ይሆናል፤ ደግሞም ሁለተኛ ቅጂ የለውም። እኔ የምሠራው ዳይ ሰብሊሜሽን በሚባለው፣ ቀለሙን በሙቀት ከሪበን (ቀለም ከተቀባ ስስ ጥቅል) ወደ ወረቀት በሚያሳልፈው ማተሚያ ነው።

ከዚህ ዓይነት ማተሚያዎች ትንሽ የሆነው ካኖን ሴልፊ ላይ ሥራው በዓይን ይታያል። ወረቀቱ አራት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። መጀመሪያ ቢጫ ብቻ የሆነ፣ የሰው ጥላ የመሰለ ነገር ይወጣል። ይመለስና ሮዝ ቀይ ይደረብበታል፤ አሁን ፊቱ መታወቅ ይጀምራል። ሰማያዊው ሲጨመር ፀጉሩና ዓይኑ ይጠቁራል። በአራተኛው ቀለም የለም፤ ውሃና የጣት አሻራ የሚከላከል ግልጽ ሽፋን ብቻ ነው። ቢጫው ሲወጣ «ተበላሸ!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ አንዳንዱ ደግሞ በደስታ ወረቀቱን ሊጎትተው ይነሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ያን ጊዜ እጄን ዘርግቼ እከላከላለሁ፤ መሃል ላይ የተጎተተ ወረቀት ሪበኑንም ይዞ ይሄዳል።

ሴልፊ ለአንድ ፎቶ አንድ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ይቆያል፤ አንዱ ሪበን የሚበቃውም ለ36 ነው። ትልልቆቹ እንደ ዲኤንፒ አርኤክስ 1 ያሉት አንዱን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በ12 ሰከንድ አካባቢ ይጨርሳሉ፤ በአንድ ጥቅል 700 ያትማሉ። እንግዳ ብዙ ሲሆን ትልቁ ግድ ነው። ሜጋፒክስል ላይ ግን አትጨነቁ፤ በዚህ መጠን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም 1200 በ1800 ፒክስል ይበቃል። ገንዘባችሁን ብርሃን ላይ አውሉት።

እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያች ማሽኑ የምትወስዳት ጥቂት ሰከንድ ድሮ እንግዳው በዝምታ የሚጠብቅባት፣ እኔም ወደ ቀጣዩ የምዞርባት ነበረች። አሁን የመጠየቂያ ጊዜ ሆናለች። ወረቀቱ እየታተመ ረዳቴ «ስምዎትን ይንገሩኝ፤ ለሙሽሮቹ ምናቸው ነዎት?» ይላል። ፎቶው ሲወጣ ጽሑፉም ተነግሮ አልቋል።

ጽሑፉ

የፎቶ ወረቀት ጀርባ በፕላስቲክ ስለተሸፈነ ተራ እስክሪብቶ አይዘውም። ጠንከር አድርገው ከጫኑት ደግሞ የፊደሉ ቅርጽ በፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ጉንጭ ላይ የተጻፈ ይመስላል። ጄል እስክሪብቶ ይጽፋል፤ ግን ስለማይደርቅ ከላዩ የሚቀመጠውን ፎቶ ያበላሻል። የሚሆነው ቀጭን ጫፍ ያለው፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ በውሃ የማይለቅ ማርከር ነው። ሳይጫኑ፣ ከዳር በኩል፣ ከፊቱ ጀርባ ሸሽቶ መጻፍ። ከዚያ ትንሽ አየር ማስነካት።

«ስልክ ላይ ተልኮላቸው የለ? ቀኑን ስልኩ ይይዘዋል» የሚሉኝ አሉ። ስልክ ፋይሉ ውስጥ ቀንና ሰዓት ይመዘግባል፣ እውነት ነው። ግን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ተጨምቆ፣ ያ መረጃ ተራግፎ ነው የሚደርሰው። ሦስተኛ ሰው ጋር ሲደርስ ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም፣ ባለቤት የለውም። የሰውየው ስምማ ከመጀመሪያውም አልነበረበትም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለ መጽሐፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የወርቃማውን ፊደል ጉዳይ ከሙሽሮች ጋር አስቀድሜ እነጋገራለሁ። ስማቸውና ቀኑ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ኋላ ለሚያየው ሰው የሰርጉን ማንነት ይነግረዋልና። ግን ትንሽ ይሁን፣ ከጥግ ይሁን፣ የሰው ደረት ላይ አበባ አይተከል። ብዙዎቹ ምክንያቱን ሲሰሙ ይስማማሉ። አንዳንዶቹ አይስማሙም፤ ሰርጉ የእነሱ ነውና እንዳሉት አደርጋለሁ፤ ጀርባው ላይ መጻፉን ግን አልተውም።

ሁለት ቅጂ አትሜ አንዱን ለእንግዳው፣ አንዱን ለሙሽሮቹ አልበም አደርጋለሁ። አልበሙ ላይ እንግዳው ከፎቶው ሥር በገዛ እጁ ይጽፋል። መጻፍ የማይችል ወይም መነጽሩን የረሳ እየነገረን እንጽፍለታለን። እንግዳው የያዘውን ቅጂ ደግሞ በወረቀት ፖስታ ከትቼ ነው የምሰጠው፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ የቆየ እንዲህ ያለ ፎቶ ይጣበቃል፣ ቀለሙም ወደ ፕላስቲኩ ይሸሻል። ከፀሐይ እንዲያርቁትም እነግራቸዋለሁ።

ሪበኑ ላይ የቀረው

ይህን ሥራ ለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ያለቀውን ሪበን ዘርግታችሁ ወደ መብራት ያዙት። እያንዳንዱ የታተመ ሰው እዚያ አለ። ከቢጫው ላይ የተነሳው ቀለም ቦታውን ባዶ አድርጎ ስለሚሄድ ፊቱ በግልባጭ ይነበባል፤ ቀጥሎ በቀዩ፣ ቀጥሎ በሰማያዊው። አንድ ሙሉ ሰርግ በአንድ ጥቅል ላይ፣ ከነልጆቹ። ይህን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ መሄድ የሰውን ፎቶ መንገድ ላይ በትኖ ከመሄድ አይለይም። እኔ ጥቅሉን ይዤ እመለስና ቆራርጬ ነው የምጥለው። ፋይሎቹንም ለሙሽሮቹ ካስረከብኩና ካረጋገጡልኝ በኋላ አጠፋለሁ። የእንግዳን ፊት ለማስታወቂያ የምጠቀመው ራሱን ጠይቄ ነው፤ ልጅ ከሆነ ወላጁን። ስሙንማ ሰው ይየው ብዬ የትም አልለጥፍም። ስሙን የነገረኝ ለእኔ አይደለም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሲሰማ «አንቺ ፎቶ አንሺ ነሽ፣ ጸሐፊ አይደለሽም፤ ሰልፉን ታረዝሚዋለሽ» ይለኛል። ሰልፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ልክ ነው። ግን ሰልፉ ላይ የሚሆነው ነገር ተለውጧል። ከፊት ያለው ሰው ምን እንደሚያስጽፍ ሲሰማ ከኋላ ያለው የራሱን ማሰብ ይጀምራል። «የሙሽራዋ የሥራ ባልደረባ» ሊል የመጣ ሰው ተራው ሲደርስ «ታማ በነበረ ጊዜ ሥራዋን የሸፈንኩላት» ብሎ ያስጽፋል። አንዱ «ሙሽራውን ብስክሌት ያስተማርኩት አጎቱ» አለ። አንዷ ሴት ከስሟ ቀጥሎ «ጎረቤት» እንድንጽፍ ነገረችንና ትንሽ አስባ «አይ፣ ሁለተኛ እናቷ በሉት» አለች።

እንዲህ ያለውን ረዳቴ አንዳንዴ ሊያሳጥረው ወይም ሊያርመው ይሞክር ነበር፤ «የሙሽራዋ ዘመድ» ብሎ ሊያጠቃልለው። እንዳያደርገው ነግሬዋለሁ። ሁለት ሰዎች ራሳቸውን የሙሽራው የቅርብ ጓደኛ ብለው ቢያስጽፉ ሁለቱንም እንጽፋለን። ዝምድናው የተጠማዘዘ ቢሆንም፣ ሦስት ስም አልፎ የሚደርስ ቢሆንም፣ እንደተነገረን ነው የምንጽፈው። ቦታ ካነሰ ፊደሉን እናሳንሳለን። የሰሙትን ስም ከነአባቱ ደግሞ መጠየቅ፣ ጽፎ ማንበብ፣ ባለቤቱ «አዎ» ሲል ፖስታው ውስጥ መክተት። ከዚያ ቀጣዩ ይቀመጣል።